ምዕራፍ ሰባት፦ ቫይረሱ ሳይወጣ ጉበትን ማገዝ

አሥራ ሁለት ሳምንት ክኒኑን ውጠዋል። ከዚያ ሌላ አሥራ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ደም ሰጥተዋል። ውጤቱ ሐኪሙ ሳይደውል በስልክዎ ማይቻርት በተባለው የሕክምና መተግበሪያ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ አሁንም በደምዎ ውስጥ አለ ይላል። በኦሃዮ፣ በካናል ዊንቸስተርም ሆነ በቀረው የኮሎምበስ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። ሕመሙን ለዘመድ አልተናገረም፣ መድኃኒት መጀመሩንም ያወቀበት የለም፤ ስለዚህ አለመዳኑን የሚያዋየው ሰው አያገኝም።

ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ልነግረው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሕክምና መካከል ያለው ጊዜ እጅ አጣጥፈው የሚጠብቁበት አይደለም። በእነዚህ ወራት ጉበት የሚደርስበት ጉዳት፣ ወይም የሚድነው ጉዳት፣ ወደፊት የትኛው መድኃኒት ሊሰጥዎ እንደሚችል ይወስናል።

በምዕራፍ ሁለት እንዳየነው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ እንደ ኤችአይቪ ወይም እንደ ሄፓታይተስ ቢ በሴላችን እምብርት ውስጥ አይደበቅም። የሚኖረው ያለማቋረጥ ራሱን በመቅዳት ነው። ቅጂው ከተቋረጠ ይጠፋል፤ ስለዚህ አንዴ ያልተሳካ ሕክምና ሁለተኛ ጊዜ ሊሳካ ይችላል። በምዕራፍ አራት ያነሣነውንም እዚህ ላይ ያስታውሱ፦ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ከዳኑ በኋላም ዕድሜ ልክ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ሕክምናው አልሠራም ከማለትዎ በፊት የታየው ራሱ ቫይረሱ መሆኑን ሐኪሙን ይጠይቁ።

መድኃኒቱ ለምን ሳይሠራ ቀረ?

«አልሠራልኝም» የሚሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ታሪክ የላቸውም። (በዚህ መጽሐፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከ2013 በፊት የታከመ ሰው የወሰደው ኢንተርፌሮን የተባለውን መርፌ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ48 ሳምንት። መርፌው ትኩሳት፣ ድካምና ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያመጣ ስለነበር ብዙዎች አቋርጠውታል፤ አሜሪካ ውስጥ በሚበዛው ዝርያ 1 ከተያዙትም ግማሽ ያህሉ አይድኑም ነበር። ያ ሕክምና አለመሥራቱ ለዛሬዎቹ ክኒኖች ብዙም እንቅፋት አይሆንም። ከእነዚህ ክኒኖች አንዱ የሆነው ሶፎስቡቪር በታኅሣሥ 2013 ሲፈቀድ አንዱ ክኒን 1,000 ዶላር ይሸጥ ስለነበር ሰው መድኃኒቱን ያወቀው በዋጋው ነው። ዛሬ ከእሱ ጋር ተቀላቅለው የሚሰጡት መድኃኒቶች ከመቶ ሰው ከ95 በላይ ያድናሉ። ኢንተርፌሮን ሞክረው ተስፋ ቆርጠው የተቀመጡ ወላጆችና አጎቶች ካሉ ይህን ዜና ሊነገራቸው ይገባል።

አዲሶቹን ክኒኖች ወስዶ ያልዳነ ሰው ግን ምክንያቱን መፈለግ አለበት። በእኛ ሰው ዘንድ ከሁሉ በፊት ወደ ሐሳቤ የሚመጣው የጨጓራ መድኃኒት ነው። ኤፕክሉሳና ሃርቮኒ የተባሉት ክኒኖች ወደ ደም ለመግባት የጨጓራን አሲድ ይፈልጋሉ። ኦሜፕራዞል ደግሞ ያንኑ አሲድ ይቀንሳል። ከመደብር ያለ ማዘዣ ስለሚገዛ «ምን ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው አይጠቅሰውም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንዲሁ ክኒኑን ያዳክማሉ። ኢንሹራንስ ሲቀየር ወይም ወደ አገር ቤት ሲኬድ መድኃኒቱ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ።

ሁሉንም በትክክል አድርገው ያልዳኑም አሉ፤ እነዚህ ራሳቸውን እንዲወቅሱ አልፈልግም። ቫይረሱ በአንድ ሰው አካል ውስጥ በቀን እስከ ትሪሊዮን ቅጂ እንደሚያመርት ተሰልቷል፤ ሲቀዳም ይሳሳታል። ከስሕተቶቹ አንዱ መድኃኒቱ የሚይዝበትን ቦታ ከለወጠው ያ ቅጂ ይተርፋል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ዝርያ 4 ሲሆን፣ ከቅርንጫፎቹ መካከል 4አር የሚባለው አለ። የአውሮፓ የጉበት ጥናት ማኅበር በ2020 መመሪያው 4አርን ከተፈጥሮው ለአንዳንድ መድኃኒቶች አስቸጋሪ ከሆኑት ቅርንጫፎች መካከል አስቀምጦታል። ኦሃዮ ያለ ሐኪም በየቀኑ የሚያየው ዝርያ 1ን ስለሆነ፣ የተወለዱበትን አገር መናገርና ዝርያው እስከ ቅርንጫፉ እንዲመረመር መጠየቅ ተገቢ ነው። መድኃኒት የተቋቋመ ቫይረስ ጉበትን ከሌላው ይበልጥ አይጎዳም። ለሐኪሙ የሚለወጠው የመድኃኒት ምርጫው ነው።

መንገድ 33 ሲዘጋ

ከኮሎምበስ ወደ ላንካስተር የሚወስደው መንገድ 33 በካናል ዊንቸስተር በኩል ያልፋል። እዚያ የሚኖር ሰው ጠዋት በዚህ መንገድ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ማታ ይመለስበታል። በጉበት ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት ይህን መንገድ በዓይነ ኅሊናዎ ይያዙት።

በጉበት ውስጥ በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ያልፋል። ከዚህ ሦስት አራተኛው ከአንጀትና ከስፕሊን ተነሥቶ በአንድ ትልቅ የደም ሥር ይመጣል፤ የበላነውን፣ የጠጣነውንና የዋጥነውን መድኃኒት ይዞ ማለት ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ደሙም በዝቅተኛ ግፊት በቀስታ ይፈሳል።

በመንገዱ ዳር የጥገና ሠራተኞች አሉ። እነዚህ በጉበት ሴሎች አጠገብ የሚኖሩ፣ በሰላሙ ጊዜ ቫይታሚን ኤ ከማከማቸት በቀር ብዙም ሥራ የሌላቸው ሴሎች ናቸው። አደጋ ሲደርስ፣ ማለትም የጉበት ሴል ሲሞት፣ ይነቃሉ፤ ጠንካራ የፕሮቲን ክሮች አምርተው የተጎዳውን ቦታ ያጥራሉ። በመንገድ 33 ላይ ግጭት ሲደርስ አንዱ መስመር በኮንክሪት አጥር እንደሚዘጋ ነው። ይህ አጥር በሕክምና ቋንቋ ፋይብሮሲስ፣ በአማርኛ ጠባሳ ይባላል። አደጋው ሲያበቃ ሠራተኞቹ አጥሩን ያነሣሉ፣ መስመሩም ይከፈታል። ጉበት እንዲህ ያለ አካል ነው፤ ጠባሳውን መልሶ ማሟሟት ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ግጭቱ በየቀኑ ሲሆን ነው። ያኔ አጥር የሚያነሣ አይኖርም፤ የሚተክለው ብቻ ይበዛል። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ሐኪሞች ይህን ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 4 ይለኩታል፤ ኤፍ 4 ሲሮሲስ ነው። በዚህ ጊዜ መኪናው ወደ ኋላ ይደረደራል፣ ከዚያም ለዚህ ሁሉ ትራፊክ ባልተሠሩ የመንደር መንገዶች በኩል መውጫ ይፈልጋል። በሰውነት ውስጥ የመንደር መንገዶቹ በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ ግድግዳ ላይ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ሲወጠሩ ይፈነዳሉ። ወደ ኋላ የተደረደረው ደም ስፕሊንን ያሳብጣል፣ ያበጠው ስፕሊንም የደም ማርጊያ የሆኑትን ፕሌትሌቶች ይይዛል፤ ፈሳሽም ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል።

ለምዕራፉ ዋና የሆነው ነገር ይህ ነው፦ የጥገና ሠራተኞቹ ግጭቱን ማን እንዳደረሰው አይጠይቁም። ቫይረሱም ያድርሰው፣ አረቄም ያድርሰው፣ በጉበት ላይ የተጋገረ ስብም ያድርሰው፣ የሚተክሉት አጥር አንድ ነው። ቫይረሱን ዛሬ ከመንገዱ ማስወጣት ባይቻል እንኳ ሌሎቹን ግጭት አድራሾች ማስወጣት ይቻላል። የአደጋው ቁጥር በቀነሰ መጠን አጥሩ የሚተከልበት ፍጥነት ይቀንሳል።

አሁን የት ደረጃ ላይ እንዳሉ ለማወቅ እንደ ድሮው መርፌ ጉበት ውስጥ መግባት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ፋይብሮስካን የተባለው መሣሪያ ከጎን ላይ ተቀምጦ የጉበቱን ጥንካሬ ይለካል። ፊብ-4 የሚባለው ስሌት ደግሞ ዕድሜን፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የተባሉትን ሁለት የጉበት ኢንዛይሞች እና የፕሌትሌት ቁጥርን ብቻ ይፈልጋል። ከ1.45 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ መኖሩ አጠራጣሪ ነው፤ ከ3.25 በላይ ከሆነ ግን መኖሩ ያመዝናል። ቁጥሮቹ በደም ውጤትዎ ላይ አሉ፤ ሐኪሙን «የእኔ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሌሎቹ ግጭት አድራሾች

መጠጥ ቀዳሚው ነው፤ በዚህ ላይ ልመቻመች አልችልም። ቫይረሱ ባለበት ጉበት ላይ ጠላም ሆነ ጠጅ፣ ቢራም ሆነ ውስኪ «ትንሽ ነው» አይባልም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጠባሳው ይፋጠናል። ለሠርግና ለክርስትና ብርጭቆ ሲዘረጋ «ሕክምና ላይ ነኝ» ማለት እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ ለማንም አይገባም።

ሁለተኛው ስብ ነው። በኮሎምበስ ሪከንባከር አካባቢ ባሉት መጋዘኖች ሌሊት እየሠራ፣ በሶዳና በጣፋጭ ጭማቂ እየነቃ፣ ጠዋት በልቶ የሚተኛ ሰው ሆዱ አካባቢ ቢወፍር አይገርምም፤ ሆድ አካባቢ የሚወፍር ሰው ጉበቱም ብዙ ጊዜ ይሰባል። ስኳር በሽታም ከዚሁ ጋር ይመጣል፤ ሄፓታይተስ ሲ ራሱም ሰውን ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። በመጀመሪያ የሚቀነሰው እንጀራው ሳይሆን ስኳር ያለበት መጠጥ ነው።

ጫትን በተመለከተ በሐረር ሁለት ሆስፒታሎች የተሠራና በ2018 የታተመ ጥናት፣ የሚቅሙ ሰዎች ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከማይቅሙት ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል።

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው «ለወፍ በሽታ» የሚሰጥ ቅጠልና ሥር የሚያሳስበኝ ከፍቅር ስለሚላክ ነው። እናት የላከችውን ማን ይጥላል? ነገር ግን በዱቄቱ ውስጥ ያለውና መጠኑ አይታወቅም፤ የሚያጣራው ደግሞ ያው የተጎዳው ጉበት ነው። በመደብር የሚሸጠው «ጉበት ማጽጃ»ም የተሻለ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ በደንብ የተጠናው ሚልክ ቲስል ከሚባል እሾሃማ ተክል የሚወጣው ሲሊማሪን ነው። ኢንተርፌሮን ያልሠራላቸው 154 የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ግማሽ ዓመት ያህል በጥናት ተካፍለው ነበር፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ከፍ ባለ መጠን፣ ሌሎቹ መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ እንክብል። በ2012 የወጣው ውጤት በሁለቱ መካከል ልዩነት አላሳየም።

አንድ የተለመደ ስሕተት ደግሞ አለ። «ታይለኖል ጉበት ይጎዳል» የሚባለውን የሰማ ሕመምተኛ ራሱን ሲያመው ወደ አድቪል ወይም ወደ አሊቭ ይዞራል። ሲሮሲስ ላለበት ሰው አደገኞቹ እነዚህ ናቸው፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም መፍሰስንም ይጋብዛሉ። ታይለኖል በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ፣ ማለትም ከአራት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ሳይበልጥ፣ በሐኪም ፈቃድ ሊወሰድ ይችላል። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ይኸው ታይለኖል በውስጣቸው ስላለ ድምሩ ይታሰብ።

ስለ ጾም

በዚህ ጉዳይ የምሰጠው ምክር በአሜሪካ ብሮሹሮች ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ጤነኛ ጉበት ስኳርን ቋጥሮ ያስቀምጣል፤ ሳንበላ ስንቆይ ጥቂት ጥቂት ይለቃል። ሲሮሲስ የያዘው ጉበት የማስቀመጫ ቦታው አንሷል። አንድ ሌሊት ሳይበላ ያደረ የሲሮሲስ ሕመምተኛ ሰውነቱ ሲመረመር፣ ጤነኛ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን ሳይበላ ሲቆይ የሚታየው ዓይነት ሁኔታ ይገኝበታል። ስኳሩ ሲያልቅ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል። ጡንቻ ደግሞ ጉበት ሲደክም አሞንያ የተባለውን መርዝ በማስወገድ ያግዛል። ክንዱና ጭኑ እየሰለለ የሚሄድ የጉበት ሕመምተኛ የሚያሳስበን ለዚህ ነው።

ጠባሳው ገና በሆነ ሰው ላይ ይህ ችግር የለም፤ እንደ ልማዱ ሊጾም ይችላል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ግን ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳንም ከንጋት እስከ ማታ፣ ባዶ ሆዱን መዋል የለበትም። ልዩነቱን እዩት፦ ጎጂው የሰዓቱ ርዝመት ነው፤ የጾም ምግቡ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ለዚህ ሕመምተኛ ጥሩ ፕሮቲን ናቸው፤ ጉበቱ በመድከሙ አእምሮው የሚደነጋገርበት ሰው የእህልን ፕሮቲን ከሥጋው ይበልጥ ይችለዋል። ሐኪሞች ለሲሮሲስ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ፤ ከመኝታ በፊትም ቀለል ያለ ነገር እንዲበላ ያዛሉ። ስለዚህ የዓቢይ ጾምን 55 ቀን ከፍስክ ተከልክሎ፣ ሰዓቱን ግን ሳይጠብቅ መቆየት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። ለንስሐ አባት «አባ፣ ጉበቴን ታምሜ ሰዓት እንዳልጠብቅ ሐኪም አዞኛል» ማለት በቂ ነው፤ የበሽታውን ስም መናገር ግዴታ አይደለም።

ሆድ ወይም እግር ውኃ መያዝ ከጀመረ ደግሞ ጨው ይቆጠራል፤ በቀን 5 ግራም ያህል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ጨው ተጨምሮበት የተፈጨ በርበሬና ሽሮ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጥሬ ሥጋና ጥሬ የባሕር ምግብም ይተው፤ በጤነኛ ሰው ላይ የሆድ ሕመም ብቻ ሆኖ የሚያልፈው ባክቴሪያ በእሱ ደም ውስጥ ሊሠራጭ ይችላል።

ቡናው ይቀጥል

እስካሁን ተው ተው ብቻ ስላልኩ ደስ የሚለውን ልናገር። በአሜሪካ ሃልት-ሲ የተባለ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ኢንተርፌሮን ያልሠራላቸውንና ጠባሳቸው የገፋባቸውን 1,050 ሰዎች ይዞ፣ ያንኑ መርፌ በአነስተኛ መጠን ለዓመታት መስጠት ጉበትን ያግዝ እንደሆነ ፈተነ። በ2008 እንደታተመው አላገዘም። በዚሁ ጥናት ውስጥ ስለ ምግባቸው የተጠየቁትን ሕሙማን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ግን በ2009 ሌላ ነገር አወጡ፦ በቀን ሦስት ኩባያና ከዚያ በላይ ቡና የሚጠጡት ሰዎች በሽታው የመባባስ ዕድሉ ቡና ከማይጠጡት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ሻይ ይህን አላሳየም። ይህ ምልከታ እንጂ ፈተና አይደለም፤ የአሜሪካው ኩባያም ከእኛ ሲኒ ይበልጣል። ቢሆንም ብዙ ሌሎች ጥናቶች ወደዚያው አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ፣ ልቡ ወይም እንቅልፉ ካልከለከለው በቀር አቦል፣ ቶናና በረካውን እንዲያቋርጥ ለማንም የጉበት ሕመምተኛ አልመክርም። ስኳሩን ይቀንስ፣ ጨው የሚጨምርም ጨውን ይተው።

ሁለተኛው ዙር

አሁን በመግቢያው ወደተናገርኩት ልመለስ። አዲሶቹ ክኒኖች ላልሠሩላቸው ሰዎች የተዘጋጀው ቮሴቪ የተባለ መድኃኒት በሐምሌ 2017 ተፈቅዷል። ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ናቸው፤ ለ12 ሳምንት በቀን አንዴ ይወሰዳል። ቀደም ሲል ሕክምና ያልሠራላቸው ሰዎች በተፈተኑበት ጥናት ከመቶ 96ቱ ድነዋል። ክኒኑ ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት፤ የሚጾም ሰው ከማታው ምግብ ጋር ሊያደርገው ይችላል።

ነገር ግን ቮሴቪ ሆዱ ውኃ ለያዘ፣ ዓይኑ ቢጫ ለሆነ፣ አእምሮው ለተደነጋገረ፣ በጥቅሉ ጉበቱ ሥራውን መወጣት ላቃተው ሰው አይሰጥም። በውስጡ ያለው አንዱ መድኃኒት በእንዲህ ያለ ጉበት ላይ አደገኛ ነው። ለእነዚህ ሕሙማን የቀረው አማራጭ ረጅምና የሚከብድ ነው፤ ወይም በኮሎምበስ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዌክስነር የሕክምና ማዕከልን በመሳሰሉ ቦታዎች የሚሠራው የጉበት ንቅለ ተከላ ነው። መጠጡን መተውም፣ የጾም ሰዓቱን ማስተካከልም፣ ቅጠሉን አለመጠጣትም የሚጠብቁት ወደ ቮሴቪ የሚያስገባው በር እንዳይዘጋ ነው።

ወደ ጉበት ሐኪሙ ሲሄዱ የወሰዱትን መድኃኒት ስም፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ቀን፣ ያመለጡ ቀኖችን፣ የሚወስዱትን ሁሉ ከጨጓራው ክኒን ጀምሮ ይዘው ይሂዱ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ልጅ ፊት ስለ መጠጥና ስለ ድሮ ሕክምና እውነቱን የሚናገር ወላጅ ጥቂት ነው። የአገር ሰው እንዳያውቅብኝ ብለው ከሰጉ በስልክ የሚያስተረጉም ከሌላ ከተማ እንዲሆን ይጠይቁ።

የሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ክትባትም በዚህ ቀጠሮ ይነሣል። የቢ ምርመራ በተለይ ከሁለተኛው ዙር በፊት መደረግ አለበት፤ ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው ሲው ሲታከም የተኛው ቢ ሊነሣበት ስለሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቢ በኢትዮጵያ ከሲ ይበልጥ የተስፋፋ ስለሆነ ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም።

ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ ውኃ በያዘ ሆድ ላይ ትኩሳት ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 911 ይደወል። በካናል ዊንቸስተር የዳይሊ ሪጅ የሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል አለው።

ሁለተኛው ዙር ተሳክቶ ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ሲሮሲስ የነበረበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሣቱን ይቀጥላል። የጉበት ካንሰር ዕድል በብዙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ገና ትንሽ ሳለ የተገኘ እጢ ደግሞ ሊወጣ ወይም ሊቃጠል ይችላል።